ትሩሎ ቤት ለቤተሰብ ዕረፍት፦ ጥያቄና መልስ

የምኖረው በደቡብ ጣሊያን፣ ፑልያ ክልል ነው። በጋ በመጣ ቁጥር ከጀርመን፣ ከስዊድን፣ ከሮምና ከሚላኖ ወገኖቻችን ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው፦ «ያንን ሾጣጣ ጣሪያ ያለውን የድንጋይ ቤት ለቤተሰብ መከራየት እንፈልጋለን፤ ምን እንወቅ?» ቤቱ ትሩሎ ይባላል። እኔም ለብዙ ቤተሰብ ቤት በመምረጥ አግዣለሁ። ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ ፎቶው ላይ የአገራችንን ጎጆ ይመስላል። ግን ምንድን ነው? እውነት ሰው ይኖርበታል?

አዎ፣ ይኖርበታል። ብዙዎቹ ከአያት የወረሱት የገበሬ ቤት ናቸው። ግድግዳውም ጣሪያውም የድንጋይ ካብ ነው፤ ጣሪያው ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረደረ፣ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ ይገጥማል።

ስለ አሠራሩ እዚህ አገር የሚተረክ ታሪክ አለ። በድሮ ዘመን አዲስ መንደር የቆረቆረ ሰው ለኔፕልስ መንግሥት ግብር ይከፍል ነበር። አካባቢውን ይገዙ የነበሩት የኮንቨርሳኖ ባላባቶች ግብሩን ለማምለጥ ገበሬውን «ያለ ማያያዣ ካብ» አሉት። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቤቱ ቶሎ ይፈርሳል፤ ሲሄድ እንደገና ይካባል። በትሩሎ ቤቶቿ የታወቀችው አልቤሮቤሎ የምትባለው ከተማ ከባላባቶቹ እጅ የወጣችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1797 ንጉሥ ፈርዲናንድ አራተኛ ነፃ ሲያወጣት ነው። በ1996 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት።

ጥያቄ፦ አልቤሮቤሎ ውስጥ እንከራይ ወይስ ገጠር?

ገጠር። በዚህ አልደራደርም። አልቤሮቤሎ ውስጥ ሞንቲ የሚባለው ሰፈር ከጥግ እስከ ጥግ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቱሪስት በበርህ ያልፋል። አያ ፒኮላ የሚባለው ሰፈር ጸጥ ይላል፤ እዚያም ቢሆን ግን ግቢ የለህም፣ መኪናህንም ራቅ አድርገህ ነው የምታቆመው። ልጆች ያሉት ቤተሰብ የሚያስፈልገው ግቢ ነው። በሎኮሮቶንዶ፣ በቺስተርኒኖና በማርቲና ፍራንካ መካከል ያለው የኢትሪያ ሸለቆ እንዲህ ባሉ ቤቶች የተሞላ ነው፤ ወይራ፣ በለስ፣ ወይን፣ ቀይ አፈር። አልቤሮቤሎን አንድ ቀን ማልዳችሁ፣ አውቶቡሶቹ ሳይደርሱ ሄዳችሁ እዩአት።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነኝ። እኔና ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች፣ ወንድሜ ከነሚስቱና ከነልጁ፣ እናቴ። ዘጠኝ ነን። «ለ10 ሰው» የሚል ትሩሎ አግኝቻለሁ። ልያዘው?

ቆይ! አልጋ አትቁጠር፣ በር ቁጠር። ከሁሉም ጥያቄ ዋናው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

ትሩሎ በባህሉ አንድ ትልቅ ክፍል ነው። መሃሉ ሳሎን ነው፤ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ደግሞ እንደ ጎድጓዳ የተሠሩ ማደሪያዎች አሉ። ድሮ ልጆች እዚያ ይተኛሉ፣ መጋረጃ ይጋረዳል፣ አለቀ። ዛሬም ብዙ ቤት ላይ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፈው በር የሌለው ቅስት ነው። ማስታወቂያው «አራት መኝታ ክፍል» ይላል፤ ስትገባ ግን ሁለቱ መጋረጃ ብቻ ናቸው። አንዱ ወደ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ በሌላው አልጋ አጠገብ ያልፋል። የድንጋይ ጉልላት ድምፅ ያስተጋባል፤ አንዱ ጫፍ ላይ የተንሾካሾኩት ሌላው ጫፍ ይሰማል። አማትና ምራት፣ ወንድምና የወንድም ሚስት ባሉበት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ያኮርፋል።

ስለዚህ ባለቤቱን የቤቱን ንድፍ ጠይቀው። በወረቀት በእጁ ሥሎ ፎቶ አንስቶ ቢልክልህም ይበቃል። የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ስንት ነው? መታጠቢያ ቤቱ የሚገባው ከየት ነው? ለዘጠኝ ሰው የምመክርህ ከትሩሎው ጎን ላሚያ የተሠራለትን ግቢ ነው። ላሚያ ሾጣጣ ያልሆነ ተራ የድንጋይ ቤት ነው፤ በርም መስኮትም በወጉ አለው። አንዱ ቤተሰብ ትሩሎው ውስጥ፣ ሌላው ላሚያው ውስጥ፣ ምሳ ሁሉም ከዛፉ ሥር። እንደዚህ ያደረጉ ቤተሰቦች ተሳስቀው ሲለያዩ አይቻለሁ።

እናትህን በተመለከተ፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ ደፉ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። «የሚያምር ሰገነት» የሚባለውም ብዙ ጊዜ መሰላል የሚወጣበት ቆጥ ነው፤ ለእሳቸውም ለትንንሽ ልጆችም አይሆንም። እሳቸው የሚያድሩበት ክፍል መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ይሁን።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምጣዴን ይዤ ልሂድ?

አትያዢው። የጣሊያን መኖሪያ ቤት መብራት አብዛኛውን ጊዜ በ3 ኪሎዋት ውል ነው የሚገባው። አንዳንዱ ምጣድ ብቻውን ያንን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይስባል። ምጣዱ ላይ የውሃ ማሞቂያው ከተጨመረ መብራቱ ድርግም ይላል። ቆጣሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግቢው በር ላይ ካቡ ውስጥ ስለሆነ በጨለማ ባትሪ ይዘሽ ልትፈልጊው ነው። እንጀራሽን ከቤትሽ ጋግረሽ፣ በረዶ አድርገሽ ይዘሽ ነይ። ስትደርሺ ግን መጀመሪያ ቆጣሪው የት እንዳለ ጠይቂ። የልብስ ማጠቢያ፣ ምድጃና ኤርኮንዲሽነር አንድ ላይ አይከፈቱም።

ጥያቄ፦ ቡናስ? ከሰል ማንደድ ይቻላል?

ቡናውን ጋዝ ላይ ቁሉት፤ ጭሱ የሚወጣበት በር ክፈቱ። ከሰል ግን ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አይሆንም። ክልሉ በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 የሰደድ እሳት አደጋ ጊዜ ብሎ ያውጃል፤ ሣሩ ደርቆ ክብሪት ነው የሚጠብቀው። የተሠራ የጥብስ ምድጃ ያለው ግቢ ከሆነ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ባልዲ ውሃ አጠገብ አስቀምጣችሁ።

ጥያቄ፦ ኦገስት ላይ ነው ዕረፍት ያለን። ውድ ነው አሉኝ።

ውድ ነው። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚሉት የማርያም ዕርገት በዓላቸው ነው፤ ጣሊያን ሁሉ ሥራ ዘግቶ ወደ ባሕር ይወርዳል። ኪራዩም ጣራ ይነካል፤ ብዙ ቤት ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ አይሰጥም። ደግሞም የእኛ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 22 ስለሆነ ጾመኛ ቤተሰብ በዓሉን የሚያሳልፈው በጾም ነው። ከቻላችሁ ጁን ወይም ሴፕቴምበር አድርጉት። ሴፕቴምበር ላይ ባሕሩ እንደሞቀ ነው፣ በለሱም ይደርሳል። ትምህርት ቤት ካልፈቀደላችሁ የጁላይን መጀመሪያ ያዙ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው በፍልሰታ ብንሄድ ምን እንበላለን?

ስለ ምግብ አታስቡ። የፑልያ ደሃ ገበሬ ምግብ ግማሹ ጾም ነው! የባቄላ ክክ እስኪላም ይቀቀላል፣ ቺኮሪያ የሚባል መራራ ቅጠል ከጎኑ ይደረጋል፣ የወይራ ዘይት ይፈስበታል። አንዴ የቀመሰ ይደግመዋል። ብቻ ስታዙ አይብ እንዳይነሰንሱበት ንገሯቸው።

ጾም ሲፈታ ደግሞ ቺስተርኒኖ ሂዱ። እዚያ ሥጋ ቤት ገብታችሁ ሥጋውን ትመርጣላችሁ፣ እዚያው ጠብሰው ያቀርቡላችኋል። ለሀበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ቦምቤታ የሚሉት የተጠቀለለ ጥብስ ግን የአሳማ ሥጋ ስለሆነ የማትበሉ ጠንቀቅ በሉ፤ የበሬና የበግም አላቸው።

ጥያቄ፦ አከራዩ የሁላችንንም ፓስፖርት በዋትሳፕ ላኩ አለኝ። ሌባ ይሆን?

መጠየቁ ብቻውን ሌባ አያሰኘውም። በጣሊያን ሕግ አከራይ የእንግዶቹን ማንነት በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት፤ ሕፃናትም ይቆጠራሉ። ግን ፎቶውን አስቀድሞ መላክ ካልፈለግህ «ስንደርስ በአካል እናሳያለን» በለው። ሁላችሁም ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ዋናውን ያዙ።

ሌባን የምትለየው በሌላ ነው። ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ ቺን የሚባል ብሔራዊ መለያ ቁጥር ሊኖረው፣ ማስታወቂያው ላይም ሊጻፍ ግድ ነው። ቁጥሩን ጠይቅ። ከዚያ በቪዲዮ ደውለህ ቤቱን ከበሩ እስከ ጓሮው እንዲያሳይህ አድርግ። ቁጥር የለኝም፣ ቪዲዮ አይመቸኝም፣ ብሩን ግን ዛሬ በሌላ አገር ባንክ አስገባ የሚልህን ሰው ተወው።

ጥያቄ፦ ቀብድ ከፍለን ባንሄድ ይመለሳል?

ውሉ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እዩ። «ካፓራ ኮንፊርማቶሪያ» ከተባለ፣ እናንተ ውሉን ካፈረሳችሁ ገንዘቡ ቀረ፤ አከራዩ ካፈረሰ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። «አኮንቶ» ከተባለ የኪራዩ ቅድመ ክፍያ ነው እንጂ መቀጫ አይደለም። ለዕቃ ስብራት የሚያዘው ማስያዣ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ መቼና እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስጧችሁ። የጽዳት ክፍያና የማዘጋጃ ቤቱ የቱሪስት ግብርም ከኪራዩ ውጭ ሊታሰብ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴን ከአዲስ አበባ ላስመጣት ነው። የቤቱ ውል ለቪዛ ይጠቅማል?

የሚያርፉበትን ለማሳየት ይጠቅማል፤ ስማቸው በውሉ ላይ ይግባ። የሼንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ይጠይቃል። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ገንዘብ አትክፈል። አደራ!

ጥያቄ፦ ያለ መኪና ይሆናል?

ገጠሩ ያለ መኪና አይሆንም። ከክልሉ ዋና ከተማ ከባሪ ወደ አልቤሮቤሎና ማርቲና ፍራንካ የሕዝብ ትራንስፖርት አለ፤ እሁድና በዓል ቀን ግን አገልግሎቱ ይመነምናል። ዘጠኝ ሰው የሚጭን ቫን የምትከራዩ ከሆነ የመንገዱን ስፋት ጠይቁ። መንገዱ በሁለት ካብ መካከል የምትሄድ ቀጭን መስመር ናት፤ ከፊት መኪና ከመጣ አንዱ ወደ ኋላ ነው። ከቫን ሁለት ትንንሽ መኪና ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለገና በዓልስ?

ወፍራሙ ድንጋይ በጋ ላይ ያቀዘቅዛል፤ ክረምት ላይ ግን እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ሰው ያላደረበት ቤት ብርድ ልብሱ ሳይቀር ይረጥባል። ምድጃ ብቻ ያለው ቤት አትያዙ፤ ወለሉ የሚሞቅ ወይም በየክፍሉ ማሞቂያ ያለው ይሁን። ባለቤቱም ከመድረሳችሁ ሁለት ቀን በፊት እንዲያሞቀው ተስማሙ።

ጥያቄ፦ ለልጆች የሚያሰጋ ነገር አለ?

ካቡ። ልጅ ሁሉ መውጣት ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ደግሞ አልተያያዘም፣ ይናዳል። በስንጥቁ ውስጥም እባብና ጊንጥ ይደበቃል። የመዋኛ ገንዳ ካለ አጥሩ የሚቆለፍ መሆኑን፣ የድሮው የዝናብ ውሃ ጉድጓድም ክዳኑ መቆለፉን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ትሩሎ ግቢው ውስጥ ወይም ከወለሉ ሥር እንዲህ ያለ ጉድጓድ አለው። የቧንቧ ውሃ ያልደረሰው ቤት ደግሞ በቦቴ ውሃ ነው የሚሞላው፤ ዘጠኝ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ገላውን ከታጠበ ያልቃል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ካለቀ ማን እንደሚያስሞላና ማን እንደሚከፍል ቀብድ ሳትሰጡ ጠይቁ።