የቆየ ቮልስዋገን ኮምቢ ካምፐር ፍሬን፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ርዕስ ከ1968 እስከ 1979 ሞዴል ያለው ቮልስዋገን ኮምቢ ነው፤ የፊት መስታወቱ አንድ ወጥ የሆነው፣ ከውስጥ አልጋና ማብሰያ የተገጠመለት። እስከ 1970 ሞዴል ያሉት በአራቱም ጎማ ታምቡር ናቸው (ሸራው ከውስጥ ሆኖ የሚዞረውን ከበሮ እየገፋ የሚያስቆመው)። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የፊቱ ዲስክ ሆኗል (የሚዞረውን ሳህን ፓዶች ከሁለት በኩል የሚጨምቁት)። ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስትጠይቁ ሞዴሉን ጻፉ፣ መልሱ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የኔ የ1969 ነው። ፍሬኑ አይዝልኝም። በቀጥታ የዲስክ ሙሉ ዕቃ ልግዛ?

ቆይ፣ ገና አትግዛ። «አይዝም» የሚባለው ሦስት የተለያየ በሽታ ነው። ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል? ሁለት ሦስቴ ቶሎ ቶሎ ረግጠኸው ከፍ ካለ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል። ከፍ ብሎም እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር አለ። ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነና ውጭ ምንም የሚያፈስ ነገር ከሌለ የማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት የሚይዘው ላስቲክ፣ ከውስጥ አልቋል። ሁለተኛው በሽታ ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ መኪናው አለመቆሙ ነው፤ ሸራው ዘይት ነክቶታል ወይም እንደ መስታወት አብረቅርቋል፣ ወይም የጎማው ሲሊንደር ደርቆ ተጣብቋል። ሦስተኛው፣ መጀመሪያ ጥሩ ይዞ ቁልቁለቱ ሲረዝም መድከም ነው። ዲስክ በእርግጥ የሚፈታው ይህን ሦስተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይዘህ ዲስክ ብትገጥም ገንዘብህን ነው የምታጣው።

ስለዚህ ከማስተካከል ጀምር። ጎማውን በክሪክ አንሳ፣ በታምቡሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብተህ ባለጥርሷን ማስተካከያ ጎማው እስኪቆም አዙር። ከዚያ ፔዳሉን አንዴ በኃይል እርገጥ፤ ሸራዎቹ መሃል ይይዛሉ፣ ብዙ ጊዜ ጎማው እንደገና ይላላል። ደግመህ አጥብቅ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጥርስ መልስ። ጎማው በእጅ ሲዞር ሸራው ሽር ሽር የሚል ድምፅ ብቻ ሊሰማ ይገባል። ብዙ ሰው የረገጣውን እርምጃ ስለሚዘለው ነው በማግስቱ ፔዳሉ የሚወርድበት።

ታምቡር ቶርኖ ቤት ከሄደ ግራና ቀኙ እኩል ይላጥ፤ አንዱ ብቻ ከተላጠ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ጥያቄ፦ የኋላውን ታምቡር ማውጣት አልቻልኩም። 1970 ነው።

የመሃሉን ዳዶ መፍታት አለብህ። 46 ቁጥር ነው፣ የሚጠብቀውም ወደ 340 ኒውተን ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ እንደ መጫን ማለት ነው። ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ይፈታ፤ ክሪክ ላይ ሆኖ በፍጹም አይሞከርም። ስትመልሰው የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ትንሽ ጨምረህ አጥብቅ እንጂ አታላላ፤ ከላላ የአክሱሉ ጥርስ ይበላል። ከ1971 ወዲህ ያሉት ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ተፈትተው ታምቡሩ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የዓባይ በረሃን የሚወርድ ሰው ምን ያድርግ? ታምቡር ይችለዋል?

ሒሳቡን እንይ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ከነዕቃው 2,000 ኪሎ የሚመዝን ኮምቢ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 20 ሜጋጁል ያህል ነው። ይህ ሙቀት 60 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ያደርሳል። ነፋስና ሞተር ካልተካፈሉት ሙቀቱ የሚቀረው አራት ብረት ላይ ነው። ታምቡር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም አብሮ ይወርዳል። ዲስክ ግን ሲሞቅ ወደ ፓዱ ነው የሚያብጠው፣ ነፋስም በሁለት በኩል ያገኘዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ዲስክ ይኑርም አይኑር፣ መውረድ የሚጀመረው ከላይ ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ እንዲይዝ አድርጎ። እግርን ፔዳሉ ላይ አስደግፎ መውረድ ፍሬን ያቃጥላል። ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ ማስተንፈስ።

የፍሬን ዘይቱም አለ። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት።

ጥያቄ፦ ከ1971 በኋላ ካለ መኪና የፊት ዲስክ ነቅዬ 1969 ላይ ልግጠም?

መጀመሪያ ቸርኬውን አስቢ። የአንቺ ባለ 5 ብሎን ቸርኬ የብሎኖቹ ክብ 205 ሚሊሜትር ነው፣ የ1971ዱ 112። የፊቱን ብቻ ከቀየርሽ ትርፍ ጎማሽ ወይ ለፊት ወይ ለኋላ እንጂ ለሁለቱም አይሆንም። መንገዱ ሁለት ነው፦ በ205 የተበሳ ዲስክ ያለው ሙሉ ዕቃ መግዛት፣ ወይም ፊትና ኋላውን አንድ ላይ ወደ 112 ማዞር። ማስተሩንም አትርሺ። ለታምቡር በተሠራ ማስተር የፊት መስመር ላይ ጥቂት ግፊት አስቀርታ የምትይዝ ቫልቭ አለች። እሷ ካልወጣች ፓዶቹ ዲስኩን እየነኩ ይቀራሉ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሽታው ይመጣል።

ከ1971 ወዲህ ያሉት ለኋላ ፍሬን የግፊት መቆጣጠሪያ አላቸው። ውስጡ ኳስ አለ፣ የሚሠራውም መኪናው ሲገታ ወደፊት በመንከባለል ስለሆነ የተገጠመበት ዘንበል ማለት ሳይነካ ይቆይ። «የኋላው እንዲበረታ» ብሎ የሚያወጣው መካኒክ ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ፤ ዝናብ ላይ የኋላ ጎማ ቀድሞ ከቆመ መኪናው ይዞራል።

ጥያቄ፦ እዚህ አዲስ አበባ ሰርቮው (የእግርን ኃይል የሚያግዘው) ደካማ ነው። እንደ አውሮፓው አይረዳም ይሉኛል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ጥፋቱም የሰርቮው አይደለም። ሰርቮ የሚገፋው የውጭ አየር ነው። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ሲሆን በአዲስ አበባ ከፍታ 76 አካባቢ ነው። ሞተሩ ስቦ ሰርቮው ውስጥ የሚያስቀረው ግፊት ከዚህ ሲቀነስ የሚተርፈው ልዩነት ከሩብ በላይ ያንሳል። ስለዚህ እግርዎ የበለጠ መሥራቱ ግድ ነው።

ከዚያ በላይ ከደከመ ቱቦውን ይዩ። ሞተሩ ከኋላ፣ ሰርቮው ከፊት ስለሆነ የቫኪዩም መስመሩ የመኪናውን ርዝመት ያህላል፤ በየመጋጠሚያው ይሰነጠቃል። የውኃ ጎማ እንዳይተኩበት፣ ሲሳብ ይጨፈለቃል። የማይመልሰው ቫልቭ ቀስት ወደ ሞተሩ ይዙር። ለመፈተሽ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ይርገጡ፤ ሲደድር እንደረገጡ ሞተር ያስነሱ። ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል።

ጥያቄ፦ ትልቅ ማስተር ብገጥም ይበረታል አይደል?

ተቃራኒው ነው። የማስተሩን የውስጥ ስፋት ከ22.2 ሚሊሜትር ወደ 23.8 ብታወጣው ለአንድ ዓይነት የእግር ኃይል ግፊቱ 13 በመቶ ይቀንሳል፤ ፔዳሉ አጭርና ደረቅ ስለሚሆን ነው ጠንካራ የሚመስለው። ወደ 20.6 ብትወርድ ግፊቱ 16 በመቶ ይጨምራል፣ ፔዳሉም በዚያው ልክ ይረዝማል። ትልቅ ማስተር የሚያስፈልገው ካሊፐሩ (ፓዶቹን በዲስኩ ላይ የሚጨምቀው) ትልቅ ሆኖ ብዙ ዘይት ሲፈልግ ነው።

ጥያቄ፦ ማስተሩን ቀይሬ መንገድ ስጀምር ደህና ነው፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። ሲቀዘቅዝ ይለቃል።

የፔዳሉን ዘንግ እይ። በዘንጉ ጫፍና በማስተሩ ፒስተን መካከል 1 ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት፤ ፔዳሉን በጣትህ ስትገፋ መጀመሪያ ባዶ ጉዞ ይሰማሃል። ክፍተቱ ከሌለ ፒስተኑ ወደ ኋላው ጫፍ አይመለስም፣ ዘይቱ ወደ ታንኩ የሚመለስባትን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናታል። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መሄጃ የለውም፣ ሸራውን ይገፋል። የዘንጉን ዳዶ ላላ አድርገህ አሳጥረው።

ክፍተቱ ደህና ከሆነ፣ ፍሬኑ እንደያዘ በመጀመሪያ ማስተሩ ላይ ያለውን መስመር ላላ አድርግ። ከለቀቀ ጥፋቱ ማስተሩ ጋ ነው። ካልለቀቀ ወደ ጎማው ሂድና የአየር ማውጫዋን ክፈት። እዚያ ከለቀቀ የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይት ያሳልፋል እንጂ አይመልስም። ቱቦዎቹ አራት ናቸው፤ አንዱ ካረጀ አራቱንም ቀይር።

ጥያቄ፦ የኋላውንስ ዲስክ ላድርገው?

አያስፈልግም። የእጅ ፍሬን ታምቡር ላይ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የፍሪጅ መዳብ ቧንቧ ለፍሬን መስመር ይሆናል?

አይሆንም። ንጹሕ መዳብ በንዝረት ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። 4.75 ሚሊሜትር ብረት ወይም የመዳብና ኒኬል ቅይጥ ተጠቀም። የቮልስዋገን መጋጠሚያ ባለ 10 ሚሊሜትር፣ 1 ሚሊሜትር ጥርስ ነው፤ የቧንቧው ጫፍም እንደ አረፋ የሚነፋው ዓይነት ነው። የአሜሪካውን ድርብ እጥፍ ጫፍ ከሱ ጋር ማጋጠም ማፍሰስ ነው።

ጥያቄ፦ ጀርመን ነኝ፤ ፍሬን ብቀይር የመኪናው ወረቀት ላይ ችግር አለው?

በምርመራ ድርጅቱ ታይቶ ወረቀቱ ላይ መመዝገብ አለበት። የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ ካለህ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት መርማሪውን ጠይቅ፤ የዚያው ዘመን ዲስክ ከአዲስ ካሊፐር ይልቅ በቀላሉ ያልፋል።

ጥያቄ፦ አየር የማውጣቱ ቅደም ተከተል?

መጀመሪያ ሸራውን አስተካክሉ። ከዚያ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። 1 ሊትር ዘይት ያዙ። ማስተሩ አሮጌ ከሆነ ከፔዳሉ ሥር እንጨት አስቀምጡ፤ እስከ ወለሉ ከተረገጠ ጎሚኒው ተነክቶ የማያውቀውን የዛገ ክፍል ሲያልፍ ይቀደዳል። ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በሞተር ዘይት አይታጠብ፣ ያብጣል።

አዲስ ፓድና ሸራ ከሆነ ከ60 ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል ቀንሱ፣ በየመሃሉ ግማሽ ደቂቃ እየነዱ። የጋለ ፍሬን ረግጣችሁ አትቁሙ፤ ፓዱ ያረፈበት ቦታ ዲስኩ ላይ ይታተማል፣ ከዚያ በኋላ መሪው ይንቀጠቀጣል።