መልስ፦ ከአያትህ ቤት ስለተገኘው የጣሊያን ጦር መጥረቢያ

ሰላም ወንድሜ። የዛገውን የጣሊያን መጥረቢያ በግራይንደር ላጽዳው ወይ ብለሃል። እባክህ እንዳትሞክረው! ግራይንደር ስለቱን አግሎ ያለዝበዋል፣ ማህተም ካለውም ጠርጎ ይወስደዋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ የገባ መሆኑን ሊነግርህ የሚችለው እኮ ያ ማህተም ነው።

መጀመሪያ ብረቱን በላምባ አርሰህ አሳድረው። ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብለህ ፈትገው። አልረግፍ ካለ ብረቱን ብቻ አቼቶ ውስጥ ንከረው፤ ዛቢያውን እንዳይነካ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱም እያወጣህ እየው፣ ብዙ ከቆየ አሲዱ ጤነኛውን ብረት መብላት ይጀምራል። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥበህ ወዲያው አድርቀው። እኔ አንድ አሮጌ አካፋ አጥቤ ሻይ ልጠጣ ገባ ብዬ ስመለስ ብርቱካንማ ዝገት ለብሶ ጠበቀኝ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። እንደደረቀ ስስ የሞተር ዘይት ቀባው።

ጠቆር ብሎ ከብረቱ ጋር የተጣበቀውን ተወው፣ እድሜው ነው። ዛቢያውም ካልተሰነጠቀ አይቀየር፤ የአያትህ እጅ ነው ያለሰለሰው። በተልባ ዘይት ወልውለው። የወለወልክበትን ጨርቅ ግን ጨምድደህ አትጣል፣ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል፣ ደጅ ዘርግተህ አድርቀው።

ማህተሙ ሲገለጥ ፎቶውን ለጥፍልን።