ጥያቄና መልስ፦ የክንድ አጥንት ዕጢ ቀዶ ሕክምናን ኮድ ማድረግ

ጋሼ (መላሽ)፦ እንደምን ዋላችሁ። ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለኝ። ቃል በገባሁት መሠረት ስለ ክንድ አጥንት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ቢሊንግና ኮዲንግ (ሕክምናውን በቁጥር ኮድ ጽፎ ኢንሹራንስን ማስከፈል) የጠየቃችሁትን እመልሳለሁ። የምሠራው አሜሪካ፣ የአጥንት ሐኪሞች ቢሮ ውስጥ ነው። የምነግራችሁም የዚሁ አገር አሠራር ነው። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። የበሽተኛ ስምና የልደት ቀን እዚህ እንዳትለጥፉ። ኦፕ ኖቱን (የቀዶ ሕክምናውን ዘገባ) ሳታነቡም እንዳትጠይቁኝ።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ ሐኪሙ «የራዲየስ (በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት) ዕጢ አወጣሁ» ብሎ ጽፏል። 25120 ነው ወይስ 25170?

ጋሼ፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። «አወጣሁ» የሚለው ቃል ምንም አይነግርሽም። እንዴት አወጣው? አጥንቱ ላይ መስኮት ከፍቶ፣ ዕጢውን ከውስጥ ፍቆ፣ አጥንቱን በቦታው ከተወው 25120 ነው። ከዕጢው በላይና በታች አጥንቱን በመጋዝ ቆርጦ፣ ጤነኛውን ዳር ጨምሮ ቁራሹን ሙሉውን ካነሳው 25170 ነው።

የኖቱን ርዕስ አትመኚ። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ ርዕሱ ላይ «ራዲካል ሪሴክሽን» የሚል አይቼ 25170 ላክሁ። ውስጡን ሳነበው ለካ ሐኪሙ መስኮት ከፍቶ ፍቆ፣ በመሰርሰሪያ አጽድቶ፣ ከለጋሽ የመጣ አጥንት ሞልቶ ነው የዘጋው። ትክክለኛው 25126 ነበር። ክሌሙን (የክፍያ ጥያቄውን) አርሜ እንደገና ላክሁ። የአለቃዬን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ግራፍቱን (ቀዳዳው ውስጥ የሚሞላውን አጥንት) እንይ። አጥንቱ ከራሱ ከበሽተኛው ዳሌ ከተወሰደ 25125 ነው። አጥንቱን የማውጣቱ ሥራ ኮዱ ውስጥ አለ። 20900 ወይም 20902 እንዳትጨምሪበት። ከሌላ ሰው የመጣ ከሆነ 25126።

አሁን ዋናው፦ የአጥንቱ የትኛው ጫፍ ነው? እነዚህ በ25 የሚጀምሩት ኮዶች የራዲየስን ራስና አንገት፣ የአልናን (በትንሿ ጣት በኩል ያለውን አጥንት) የክርን ጫፍም አይጨምሩም። እነዚያ ወደ ክርን ምዕራፍ ይሄዳሉ፦ 24120፣ 24125፣ 24126። የራዲየስ ራስ ወይም አንገት ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ 24152። የአንጓዋ ትንንሽ አጥንቶች ደግሞ ከ25130 ይጀምራሉ። ክንድ አንድ ነው ብላችሁ አንድ ገጽ ላይ አትቅሩ።

የዳላሱ፦ ጋሼ፣ ፓቶሎጂው (የናሙናው ምርመራ ውጤት) ገና አልመጣም። አለቃዬ ዛሬውኑ ላከው ትላለች። የበሽታውን ኮድ ዲ48.0 ላድርገውና ልገላገል?

ጋሼ፦ ኧረ በፍጹም! በዚህ ነገር ስንቴ ተጣላሁ መሰላችሁ። ዲ48.0 ማለት «እኔ አላውቅም» ማለት አይደለም። ፓቶሎጂስቱ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ጠባዩ አልለየለትም ማለት ነው። ገና ያልታወቀውስ? እሱ ዲ49.2 ነው። ግን እሱንም ባትልክ ይሻላል። ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ) ለክሌም አንድ ዓመት ይሰጣል። የግል ኢንሹራንሶች ከዚያ ያጥራሉ፤ ቢሆንም ሳምንት መጠበቅ አይገድልህም። አለቃህን እንደዚህ በላት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ፤ ጃይንት ሴል ቱመር። ከጉልበት ዙሪያ ሁለት አጥንቶች ቀጥሎ ይህ ዕጢ የሚወደው ቦታ የራዲየስ የአንጓ ጫፍ ነው። ስለዚህ ታገኙታላችሁ። ሰው «ካንሰር አይደለም» የሚል ሲያነብ ወደ ዲ16.01 (ካንሰር ያልሆነ የአጥንት ዕጢ) ይሮጣል። የኮድ መጽሐፉን ኢንዴክስ ክፈቱ። የአጥንት ጃይንት ሴል ቱመር የሚያደርሳችሁ ዲ48.0 ላይ ነው። ዲ48.0 ቦታው እዚህ ነው፤ ፓቶሎጂ ስለዘገየ የሚለጠፍ አይደለም።

ከአጥንቱ የተነሳ ካንሰር ለቀኝ ሲ40.01፣ ለግራ ሲ40.02። ከሌላ ቦታ የተዛመተ ሲ79.51፣ መነሻውም አብሮ ይጻፋል። ተራ የአጥንት ሲስት ኤም85.4 ውስጥ ነው፤ በደም የተሞላው ኤም85.5። አጥንቱ በዕጢው ምክንያት ከተሰበረ ኤም84.53፣ ሰባተኛው ፊደል እንዳይረሳ።

የሲያትሏ፦ እኛ ቢሮ ሐኪሙ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሲሞላ 25126 እንልካለን። ይከፈላልም።

የሚኒሶታው፦ ስለተከፈለ ልክ ነው ማለት ነው እንዴ? ኦዲት ሲመጣ ገንዘቡን ትመልሺዋለሽ።

የሲያትሏ፦ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድ ቀን የጠየቀኝ የለም። አንተ ስንት ዓመትህ ነው?

የሚኒሶታው፦ ዓመት ቆጠራ ውስጥ ገባን ደግሞ።

ጋሼ፦ ተዉ እናንተ ልጆች። 25126 የሚለው አሎግራፍት ነው። አሎግራፍት ማለት የሌላ ሰው አጥንት ነው። ሲሚንቶ የማን አጥንት ነው? በፋብሪካ የተሠራው ጥራጥሬም እንደዚያው። በቀዶ ሕክምናው ቀን ነርሷ የዕቃውን ስቲከር ቻርቱ ላይ ትለጥፋለች። ስቲከሩን አንብቡ። የለጋሽ አጥንት ካልሆነ 25120 ነው። የሲያትሏ፣ አትቀየሚኝ እንጂ ያለፉትን መልሰሽ ብታያቸው ጥሩ ነው።

ስሟን ያልጻፈች፦ ከኮደር የምስክር ወረቀቶች ሲፒሲ ይሻላል ሲሲኤስ?

ጋሼ፦ የዛሬው ርዕስ ክንድ ነው።

የአዲስ አበባው፦ ሰላም ጋሼ፣ እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ ሲፒሲ ተፈትኜ ሥራ አገኛለሁ?

ጋሼ፦ ፈተናው 100 ጥያቄ ነው፣ አራት ሰዓት ይሰጣል። ብታልፍም ልምድ እስክታሟላ ከስምህ ኋላ የጀማሪነት ምልክት አይጠፋም። ስለ ሥራው የምታውቁ መልሱለት።

የሚኒሶታው፦ ናሙና የተወሰደው በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ቢሆንስ? ባዮፕሲው ለብቻው ይከፈላል?

ጋሼ፦ ሐኪሙ ዕጢውን ለማውጣት ቀድሞ ወስኖ ከገባ፣ አይከፈልም፤ ሥራው ውስጥ ነው። ሲኦ-97 የሚል የእምቢታ ኮድ (በሌላው ክፍያ ውስጥ ተካቷል ማለት ነው) ይዞ ይመለስልሃል። ግን ናሙናውን ልኮ፣ እዚያው በረዶ ተደርጎ ታይቶ፣ መልሱን ሰምቶ ልቀጥል ብሎ ከወሰነ ባዮፕሲው ከሞዲፋየር (ኮዱ ላይ የሚጨመር ማብራሪያ ምልክት) 58 ጋር ይሄዳል። ይህ ውሳኔ ኖቱ ላይ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ አልሆነም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው፤ 25120ና 25170 ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጋሼ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የዳላሱ፦ ዕጢው በሁለት ወር ተመልሶ እንደገና ቢከፈትስ?

ጋሼ፦ 90 ቀኑ (ክትትሉ በመጀመሪያው ክፍያ የሚሸፈንበት ጊዜ) ውስጥ ነህ። ተጨማሪ ሕክምና ለማድረግ የገባ ከሆነ 58 ነው፤ አዲስ 90 ቀን ይጀምራል። ቁስሉ አመርቅዞ ወይም ደም ፈስሶ ሳይታሰብ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከተመለሰ 78 ነው፤ ክፍያው ይቀንሳል፣ ቆጠራው አይታደስም። ሌላ እጁን ከሆነ 79።

የቨርጂኒያው፦ ክሌሜ ዲናይ (ውድቅ) ሆነ። ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ የዲናዩ ኮድ ስንት ነው? የላክኸውስ ምን ነበር? ምንም ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

የቨርጂኒያው፦ ሲኦ-4 ይላል።

ጋሼ፦ ሞዲፋየር ነው። አርቲ (ቀኝ) ወይም ኤልቲ (ግራ) አለው?

የቨርጂኒያው፦ … የለውም።

ጋሼ፦ እንግዲህ።

አንድ አባል፦ ጋሼ፣ እኔ ኮደር አይደለሁም። የእናቴ የክንድ ቀዶ ሕክምና ቢል በጣም በዛብን።

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይማርልህ። ዝርዝር ቢሉን ጠይቅ፣ እያንዳንዱ ኮድ የተጻፈበትን። የማደንዘዣው ሐኪም ከኢንሹራንሷ ውጪ ከሆነ ከ2022 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ፣ ስለሱም ጠይቃቸው። ከዚያ ወዲያ የኔ ሙያ አይደለም።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ የመጨረሻ! 25170 ሠርቶ በቦታው ትልቅ የለጋሽ አጥንት ከተከለስ?

ጋሼ፦ ከ2019 ጀምሮ ለዚህ የመጡ ተጨማሪ ኮዶች አሉ፤ 20932፣ 20933፣ 20934። ከየትኛው ዋና ኮድ ጋር እንደሚሄዱ መጽሐፉ ከሥራቸው በቅንፍ ዘርዝሯል፤ እሱን አይተሽ ላኪ። ደግሞ አብሮ የተነሳውን ሥጋ ለብቻው በ25077 እንዳትጠይቂ፤ አጥንቱ ጋር ተቆጥሯል።

የሲያትሏ፦ ጋሼ፣ ይሄን ኖት ያዩልኝ። [ፎቶ]

ጋሼ፦ የበሽተኛዋ ስም ከላይ ይታያል! አውርጂው። አሁኑኑ።

የሲያትሏ፦ ውይ፣ ይቅርታ። አወረድኩት።

ጋሼ፦ እሺ። የአጥንቱ የትኛው ጫፍ ነው?

የሲያትሏ፦ እሱን አይልም። «አልና» ብቻ ነው የሚለው።

ጋሼ፦ እንግዲያው ሐኪሙን ጠይቂው። በጽሑፍ። እኔ ቡናዬ ፈልቷል።