እንጀራ ቤቱን ልዝጋው ወይስ ልበደር? ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። 3 የኤሌክትሪክ ምጣድ አለሽ፤ ጤፍ ልትገዢ በወጣሽ ቁጥር ጨምሮ ይጠብቅሻል፤ መብራት ሲጠፋ ሊጥ ትደፊያለሽ፤ አንድ ሆቴል በቀን 100 እንጀራ እየወሰደ በወር ነው የሚከፍልሽ፤ አሁን ደግሞ የጤፍ መግዣ አጥሮሻል። መበደሩንም መዝጋቱንም ለጊዜው አቆዪው። ከጻፍሽው እንደሚታየው ገበያ አላጣሽም፣ እንጀራሽ ተሸጦ ያድራል። ያለቀብሽ ማዟዟሪያ ብር ነው፤ የሚያልቅበትም ቦታ ይታያል።

በዋጋው ልጀምር። አብዛኛው ሰው ሂሳብ የሚሠራው ጤፉን በገዛበት ዋጋ ነው። ገበያ ሲረጋጋ ችግር የለውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን በዚህ ሂሳብ የሚሠራ ሰው እያተረፈ ይከስራል። በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የያዝኳቸው ናቸው፣ አንቺ በራስሽ ተኪያቸው። ኩንታሉን በ12,000 ገዛሽ፣ 500 እንጀራ ወጣው፤ ለአንዱ የጤፍ ወጪ 24 ብር ማለት ነው። ወፍጮ፣ መብራት፣ ጋጋሪ፣ ኪራይ ተደምሮ 7 ብር ጨመርሽ፣ 31 ሆነ። በ33 ሸጥሽ። 16,500 ብር ገባ፣ ከዚያ 3,500 ለሌላው ወጪ ሄደ፣ 13,000 እጅሽ ላይ ቀረ። «1,000 አተረፍኩ» ትያለሽ። እህል በረንዳ ስትሄጂ ኩንታሉ 14,000 ገብቷል። ያለሽ ብር የሚገዛው 93 ኪሎ አይሞላም። ደብተርሽ ትርፍ ሲያሳይ ከ7 ኪሎ በላይ ጤፍ ከእጅሽ ወጥቷል፤ በሚቀጥለው ዙርም እንደዚያው። ስለዚህ ዋጋ ስታወጪ የዛሬውን ሳይሆን ነገ የምትተኪበትን የጤፍ ዋጋ ያዢ። ጤፍ ባትገዢም በሳምንት አንዴ ለነጋዴሽ ደውለሽ ዋጋ ጠይቂ።

ይህ እንዲሠራ ከአንድ ኩንታል በትክክል ስንት እንጀራ እንደሚወጣሽ ማወቅ አለብሽ። በግምት አይሆንም። አንድ ኩንታል ለይተሽ አስፈጪ፣ ከወፍጮ ሲመለስ መዝኚው፣ ከዚያ እስኪያልቅ የተሸጠውን፣ የተቀደደውን፣ ቤት የተበላውንና ለሠራተኛ የተሰጠውን ለየብቻ ቁጠሪ። የተቀደደው ከ100 ከ3 ወይም ከ4 በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ምጣዱ ሳይግል ማስፋት፣ በማሰሻ በደንብ አለማሰስ፣ ወይም ሊጡን ማቅጠን ነው። ዋጋ መጨመር ፈርተሽ እንጀራውን በዝምታ አታሳንሺው። ሆቴሎች ጥቅሉን ሲያቀርቡ ወዲያው ያውቁታል፤ አንዴ ካወቁ ደግሞ በዋጋ የምታሳምኚበት አፍ አይኖርሽም።

ዱቤው ከዚህ ይብሳል። በቀን 100 እንጀራ በ33 ብር 3,300 ነው፤ በ30 ቀን 99,000። በ14,000 ሂሳብ 7 ኩንታል ጤፍ የሰው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ሲከፈልሽም ብሩ የሚገዛው ከዚያ ያነሰ ነው። ልትበደሪ ያሰብሽው ገንዘብ ይኸው የራስሽ ብር ነው። በአንዴ «ከነገ ጀምሮ እጅ በእጅ» ካልሽ ሆቴሉ ሌላ ጋጋሪ ይፈልጋል። በየሳምንቱ እንዲከፍል ጠይቂ፣ ዋጋውም በየ15 ቀኑ በጤፍ ዋጋ እንደሚታይ አስቀድመሽ ተስማሚ። ውዝፉን አሁን ከሚወስደው ለይተሽ በ4 ሳምንት ከፋፍሎ ይጨርስ። ስታስረክቢ ቁጥሩን ጽፈሽ የተረከበውን ሰው አስፈርሚ፤ «ትናንት 80 ነው የመጣው» የሚለው ክርክር የሚመጣው ገንዘብ ያዥና ተረካቢው ሲለያዩ ነው።

አሁን ሊጡ። የምትደፊው አብዛኛው ሊጥ መዳን የሚችል ነው። ሊጥ ከ2 እስከ 3 ቀን ቦክቶ ውሃው ሲጠልል፣ ያ ደረጃ ይታገሳል፤ ግማሽ ቀን ቢጨምር ኮምጠጥ ይላል እንጂ አይበላሽም፣ የጠለለውን ደፍተሽ በንጹህ ውሃ ብትተኪው ኮምጣጣነቱም ይቀንሳል። የማይታገሰው አብሲት (ከሊጡ ተቀንሶ በውሃ ተፈልቶ ወደ ሊጡ የሚመለሰው) ከተጣለ በኋላ ያለው ነው። ኩፍ ብሎ የተነሳ ሊጥ ዓይን የሚያወጣው በያዘው አየር ነው፤ መብራት ሄዶ ጥቂት ሰዓት ከቆየ አየሩ ወጥቶ ይወርዳል፣ እንጀራውም ልሙጥ ይሆናል። ስለዚህ ለሁሉም በአንዴ አብሲት አትጣይ። ሊጡን በ3 ባልዲ ክፈይው፣ የመጀመሪያው ተጋግሮ ሲጋመስ ለሁለተኛው ጣይ። መብራት ከጠፋ የሚጎዳው አንዱ ባልዲ ብቻ ነው። የወረደውንም ቢሆን አትድፊው፤ መብራት ሲመጣ ትንሽ አብሲት እንደገና ጣይበት። መጠኑ ከሊጡ አንድ አስረኛ ያህል ሆኖ፣ በ2 ወይም 3 እጥፍ ውሃ እየተማሰለ እንደ አጥሚት እስኪወፍር መፍላት አለበት። ለብ ሳይል ከነትኩሳቱ ከመለስሽው እርሾውን ይገድለዋል፤ «አብሲት ጣልኩ፣ አልነሳም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ጄኔሬተር የመግዛት ሐሳብሽን ተይው። አንድ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፣ ሦስቱ ከ10 ይበልጣሉ፤ ነዳጁ ትርፍሽን ይበላዋል። ቦታ ካለሽና ጭሱ ጎረቤት ካላስቸገረ አንድ «ምርጥ» የሚባለውን ከሲሚንቶ የሚሠራ የማገዶ ምድጃ ለክፉ ቀን አቁሚ፣ ለሆቴሉ የሚሆነውን በእሱ ትሸፍኛለሽ። ምጣዶቹን ደግሞ አጥፍተሽ አታብሪ፤ ለማጋል ብቻ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚሄደው ኃይል ምንም አይጋግርልሽም። አንዴ ከበራ በሰዓት ከ20 እስከ 25 እንጀራ እስኪጨርስ ይቀጥል። ትርፍ ሬዚስታንስም (የምጣዱ ማሞቂያ ሽቦ) ቤት ይኑር፣ የሚቃጠለው ሁልጊዜ ለበዓል ዋዜማ ነው።

ማሽላ ወይም ሩዝ መቀላቀል ነውር የለውም፤ ነውሩ መደበቅ ነው። ለገዢ ንገሪና ሁለት ዋጋ አውጪ። ማሽላ የበዛበት እንጀራ በማግስቱ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፤ በዕለቱ ለሚበላ ካልሆነ ለሆቴል አትስጪው።

ብድር የሚያዋጣሽ አጋጣሚ አንድ ብቻ ይታየኛል፦ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አዲሱ ጤፍ ሲገባ ለክረምት የሚሆን እህል ለመያዝ። በዱቄት ሳይሆን በእህሉ ያዢው፤ ጤፍ በደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ከተቀመጠ ነቀዝ አያስቸግረውም። ለኪራይ ወይም ለደሞዝ ግን አትበደሪ። ለአከራይሽ የ6 ወሩን ቅድሚያ በየወሩ እንዲያደርግልሽ ጠይቂው፤ ባዶ ቤት ከሚታቀፍ የሚስማማ ብዙ ነው። ዕቁብም ካለሽ መክፈል ሲያቅትሽ ከመቅረት ይልቅ ከዕጣው ቀን በፊት ለዳኛው ንገሪ፤ ዋስሽ ሳይጠራ በፊት መፍትሔ ይገኛል።

ዋጋውንና ዱቤውን አስተካክለሽ 4 ሳምንት ሥሪ። በየሳምንቱ መጨረሻ በእጅሽ ያለውን ብርና ጤፍ ደምረሽ በዕለቱ ዋጋ ስንት ኩንታል እንደሚሆን ጻፊ። ቁጥሩ ከቆመ ወይም ከጨመረ ቀጥይ። አሁንም ከቀነሰ ወደ 1 ምጣድ ውረጂ፣ ሁለቱን አትሽጫቸው፣ የሆቴሉን ትተሽ ለሰፈር እጅ በእጅ ብቻ ሽጪ። ከኩንታል ስንት እንደወጣሽ ከቆጠርሽ በኋላ እዚህ ጻፊልን፤ ለሆቴሉ የምታቀርቢውን ዋጋ አብረን እናወጣዋለን።