ቦዩ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም ነው የምሠራው፤ የአነስተኛ መስኖ ንድፍ። በአውቶካድ፣ በንድፍ መሣያው ፕሮግራም፣ የሠራሁትን ንድፍ ፓወርፖይንት እንደ ፎቶ አልቀበል አለኝ። ኮፒ አድርጌ ስለጥፈው ደግሞ ግማሹ መስመር አይታይም፣ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነ። ምን ላድርግ? ሰ. ነኝ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ፓወርፖይንት አውቶካድ ንድፉን የሚያስቀምጥበትን የዲደብልዩጂ ፋይል እንደ ሥዕል አያነበውም። ኮፒ አድርገሽ ስትለጥፊው ደግሞ ገመዱ ከአውቶካድ ጋር እንደታሰረ ነው። አውቶካድ በሌለው ላፕቶፕ ምስሉን ታያለሽ እንጂ አታርሚውም።

የጠፋው መስመር እኔንም አዋርዶኛል። ብቸና አካባቢ ለገበሬዎች የቦይ ንድፍ ላሳይ ቆምኩ። ጥቁር ስክሪን ላይ ዋናውን ቦይ የሳልኩት በቢጫ ነበር። ነጭ ስላይድ ላይ ሲያርፍ፣ ያውም በደከመ ፕሮጀክተር፣ ድራሹ ጠፋ። አንድ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ልጄ፣ ውሃው በየት በኩል ነው የሚመጣው?» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ!

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ፒዲኤፍ አደርገዋለሁ። ፕሎት ስታደርጊ፣ ማለትም ንድፉን ከአውቶካድ ስታወጪ፣ ሞኖክሮም የሚለውን ምረጪ፤ መስመሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፒዲኤፉን ኢንክስኬፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍተሽ ወደ ኤስቪጂ፣ መስመሩን እንደ መስመር ወደሚይዘው የምስል ዓይነት፣ ቀይሪው። ፓወርፖይንት 2019 ይቀበለዋል፤ ብታጎዪውም አይደበዝዝም። የቆየ ፓወርፖይንት ከሆነ ጥራቱ ከፍ ያለ የፒኤንጂ ምስል ይበቃሻል። ማሳውን ሁሉ በሀች፣ በጭረት ሙሌቱ፣ ከሞላሽው ግን ላፕቶፑ ያቃስታል፤ ቀንሺለት።

አማርኛውን ያበላሸው ኤስኤችኤክስ የሚባለው የአውቶካድ ፎንት ይመስለኛል፤ አብዛኞቹ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ጽሑፉን ናይላ ወደሚባለው የግዕዝ ፎንት ቀይሪው።

ዋናው ጣጣ ግን ልኩ ነው። ንድፍ የሚታተምበት ትልቁ ኤ1 ወረቀት ሲጋደም ቁመቱ 594 ሚሊ ሜትር፣ የተለመደው ስላይድ 190.5። ንድፉ ከ3 እጥፍ በላይ ያንሳል ማለት ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር የነበረው ፊደል 0.8 ይሆናል፤ ፕሮጀክተሩ ቢያሰፋውም ከኋላ የተቀመጠ ሰው አያነበውም። «ስኬል 1:500» የሚለውም ውሸት ስለሚሆን አጥፊው፤ በምትኩ አብሮ የሚያንስ የሜትር መስመር ንድፉ ውስጥ ሳዪ።

ስለዚህ ሙሉውን ሉህ አታስገቢ። የወንዝ ጠለፋውን ለብቻ፣ ማከፋፈያ ሳጥኑን ለብቻ ቆርጠሽ አሳዪ። የስሌቱን ሰንጠረዥ ለመሐንዲሶቹ በወረቀት ስጫቸው፤ ገበሬው የሚፈልገው ውሃው በማን ማሳ እንደሚያልፍ ነው። መጨረሻ ላይ እዚያው ስላይዱ ላይ ቦዩን በወፍራም ሰማያዊ ደግመሽ ሳዪበት። ቢጫ እንዳትነኪ።