የሰረዝኩት በሬ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጸሐፊ፣ "ጋሼ፣ በታሪካዊ ልብ ወለድ ውስጥ ስለ ተፈጥሮ ስንት ገጽ ቢጻፍ ይበቃል?" አለችኝ። ዝም አልኩ። አንድ በሬ ትዝ ብሎኝ ነው።

ገና አርታኢነት ስጀምር አንድ ልጅ ረቂቅ አመጣልኝ። ዘመኑ ክፉ ቀን ነው፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.። ጣልያን በምጽዋ ካስገባው ከብት ጋር የመጣው የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት የፈጀበት ጊዜ። (ለዚህ በሽታ "ደስታ" የሚል ስም ያወጣው ሰው ምን አስቦ ይሆን?)

ልጁ ስለ አንድ በሬ መታመም አሥራ አንድ ገጽ ጽፏል። ዓይኑ እንዴት እንዳለቀሰ፣ ሣር እንዴት እንቢ እንዳለ፣ ባለቤቱ ጎኑ ተኝቶ እንዴት እንዳደረ። እኔ ያኔ ፖለቲካ እንጂ ሌላ አይታየኝም። "ቅኝ ገዢው የታለ? ጣልያኑን አምጣው!" ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። ጣልያኑ እኮ በበሬው ትንፋሽ ገብቷል።

አልበቃኝም። "የጎረቤታሞቹ ጠብ አላሳመነኝም" አልኩት። እንዴት ያሳምነኝ! ሁለቱም ያላቸው አንዳንድ በሬ ነው። በመቀናጆ ነው የሚያርሱት፤ ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። አንዱ በሬ ሲሞት የተረፈው ብቻውን ምን ያርሳል? ሰዎቹን ያስተሳሰራቸው ያ ቀንበር ነበር። በሬውን ስሰርዝ ወዳጅነታቸውንም አብሬ ሰረዝኩ።

ሳላነብ ቀርቼ ቢሆን ደግ። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ፣ ሰውዬው ከማደጎ ልጁ ጋር አንበጣ እየቆረጠመ ደስ ብሎት ተቀምጧል። ልጁ ሊገደል መሆኑን የሚነግሩት ሽማግሌ የሚገቡት ያኔ ነው። ኋላ ደግሞ አንበጣ የሚባሉት ነጮቹ ራሳቸው ናቸው። አንብቤዋለሁ፤ አልገባኝም።

እናንተ የዛሬ ጸሐፊዎች ደግሞ በሬ የምታውቁት ክትፎ ላይ ነው። ሸለቆውን በድሮን እንደተቀረጸ ከላይ ትጽፉታላችሁ። ማን አረሰው፣ ማን ከማን በውኃ ተጣላ፣ የለም። ጀንበር ስትጠልቅ ብቻ ሦስት ገጽ! አርታኢ አትስሙ ልል ነበር። የጀንበሯን ሦስት ገጽ ግን ዛሬም እሰርዛለሁ።

ልጁን ከዓመታት በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት። ድርሰቱ የት ደረሰ አልኩት። "ተውኩት፣ ጋሼ" አለኝ እየሳቀ። የበሬው ስም ጠፍቶብኝ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። አፈርኩ።