ሌዘር ለመግዛት ላሰብከው የፍኖተ ሰላሙ ወንድሜ

«80 ዋት ሌዘር መቁረጫ በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ለበርና ለመስኮት ላሜራ ይቆርጥልኛል ወይ?» ብለሃል። ቀብድ ካልከፈልክ እዚያው ቁም። ያንኑ ማሽን ደብረ ማርቆስ አምጥቼ ጉድ ሆኛለሁ።

1. ከዋቱ በፊት ዓይነቱን ጠይቅ። የመስታወት ቱቦ ካለው ሲኦቱ (CO2) ነው፤ ጨረሩን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚያመነጭ ማለት ነው። የጨረሩ ሞገድ 10.6 ማይክሮሜትር ስለሆነ ብረት አብዛኛውን ይመልሰዋል፤ እንጨትና አክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ላይ ግን ምላጭ ነው። ጨረሩን በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ የሚያመነጨው ፋይበር የሚባለው ሌዘር ሞገዱ 1 ማይክሮሜትር አካባቢ ስለሆነ ብረት በተሻለ ይቀበለዋል። በኪሎ ዋት የሚቆጠር የፋብሪካ ሲኦቱ ብረት ይቆርጣል፤ የኛ 80 ዋት ግን የት ደርሶ! ሻጩ «ሌዘር ያው ሌዘር ነው ጋሼ» ብሎ ሸኘኝ።

2. የመንገዱ መንገጫገጭ ጨረሩን ከቱቦው ወደ መቁረጫው የሚያንጸባርቁትን መስታወቶች ያዛባል። የኔው ዓባይ በረሃን ሲወጣና ሲወርድ ተንገጫግጮ ሦስቱም ተዛብተው ነበር። እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር እየለጠፍኩ፣ ጨረሩ የሚያቃጥላትን ነጥብ እያየሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አስተካከልኩ። በአራተኛው ቀን ሠራተኞቹ ከበውኝ 1 ሚሊ ላሜራ አስገባሁ። ጢስ የለ፣ ፍንጣሪ የለ። አውጥቼ ብዳስሰው ለብ ብሏል፣ በቃ። ትንሹ ልጅ «ጋሼ፣ ፍሌክሱን ላምጣ?» አለኝ፤ ብረት የምንቆርጥበትን የእጅ ግራይንደር ማለቱ ነው።

ሻጩ አልመልስም ሲል ቅሬታ ሰሚ ቢሮ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «ማሽኑ ይነሳል አይደል? ታዲያ ምን ሆነ?» አለኝ። ደረሰኙ ላይ «ሌዘር መቁረጫ» ብቻ ስለሚል መልስ አጣሁ። አንተ «ፋይበር፣ ይህን ያህል ሚሊ ላሜራ የሚቆርጥ» ብለህ አስጽፍ።

3. የእጅ ሌዘር መበየጃም አምሮህ ከሆነ፣ ጨረሩ በጣም ቀጭን ነው። በፍሌክስ የቆረጥነው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ማዕዘኑ ላይ ክፍተት ይተዋል፤ በኤሌክትሮድ የምንደፍነውን ያህል እሱ አይደፍንልህም። መነጽሩም ለዚያው ሞገድ የተሠራ ይሁን። ጨረሩ አይታይም፣ ዓይን ግን ያጠፋል።

እኔ ማሽኑን አልሸጥኩትም። የምረቃ ስጦታና የሱቅ ማስታወቂያ እየቀረጸ ዕዳውን ከፍሏል፤ ያኔ የሳቁብኝ ዛሬ ሥራ ያመጡልኛል። ብቻ ልታይ ስትሄድ የራስህን ላሜራ ያዝ፤ ዓይንህ እያየ ይቁረጡልህ። ከሌለህ ማርቆስ ስታልፍ ቁራጭ ከኔ ውሰድ።